የደረቀ ጀልባና ሰው የማያድርበት ቤት

አስተያየት መስጠት እንጀራ የሚያበላ ሥራ ቢሆን ኖሮ እኔ ይኼኔ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የአምስት ፎቅ ባለቤት ነበርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ጀልባ ነድቻለሁ። ጀልባ የተከራየ ሰው ውሃው መሃል ሲደርስ አፉ ይፈታል፤ ጉማሬ ሰው ይበላ እንደሆን፣ ቦታ አሁን መግዛት ይሻል እንደሆን፣ የሚያፈስ ጣሪያ በምን እንደሚደፈን፣ የመን መቼ ሰላም እንደምትሆን ይጠይቃል። እኔም እመልሳለሁ። ሞተሩን በአንድ እጄ ይዤ፣ ዓይኔን ወደ ታቦር ተራራ ወርወር አድርጌ፣ ሁሉንም እመልሳለሁ። "አላውቅም" ያልኩበትን ቀን አላስታውስም ነበር።

ይህን የምጽፈው ለሐይቅ ዳር ወዳጆቼ ነው። ከጉዞ ስመለስ "በቄ፣ ጉራጌ አገር እንዴት ነው?" ብለው ከበቡኝ፤ እኔም ስለ ክትፎው ትንሽ አውርቼ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ከክትፎው በላይ ገረማቸው። አብዛኞቹ ከሻሸመኔ ወዲያ አልፈው አያውቁም፣ ወደፊትም የሚያልፉ አይመስለኝም። ስለዚህ መንገዱን ከነጉድጓዱ፣ የሄድኩበትንም ጉዳይ ከነእፍረቱ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

በመጀመሪያ ከድርን ላስተዋውቅ። ከድር ከቡታጅራ አካባቢ፣ ከመስቃን የመጣ የሞተር ጠጋኝ ነው። ስድስት ዓመት ሐዋሳ አብረን ሠርተናል፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ይጠግናል። የሞተሩን ክዳን ሳይከፍት ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥና "ጋሼ፣ ካንዴላው ነው" ይላል፤ ሲከፈት ካንዴላው ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ካርቱም ላይ፣ አባይ ዳር፣ የጄኔሬተርና የጀልባ ሞተር መጠገኛ ከፈተ፤ አገባ፣ ሁለት ሴት ልጆችም ወለደ።

ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ደወለልኝ። ታላቅ ወንድሙ ነስሩ "ና፣ አባታችን ባሳየህ ቦታ ላይ ቤትህን ሥራ" እያለ ይወተውተዋል፤ እሱ ግን ያለውን ሁሉ ካርቱም ያለው ቤቱና ሱቁ ላይ ማዋል ፈልጓል። "ጋሼ፣ አንተ ምን ትላለህ?" አለኝ። እጄ ሞተር ውስጥ ነበር። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል አጣብቄ "በዓመት አንዴ፣ ለአረፋ ለምትመጣበት አገር ቤት ምን ያደርግልሃል? ሰው የማያድርበት ቤትና ውሃ የማይነካው ጀልባ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይሰነጠቃሉ" አልኩት። አባባሉ ለራሴም ጣፈጠኝ። የካርቱም ነገር እንደሚያሰጋው ሲነግረኝ ደግሞ "የሱዳን ግርግር የሻይ ቤት ጭቅጭቅ ነው፤ ሻዩ ሲመጣ ይረሳል" ብዬ ጨመርኩለት። ሱዳንን የማውቃት በሬዲዮ ነው። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሞተሬ ተመለስኩ፤ ነገሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ቀጥሎ የሆነውን ሁሉም ሰው ሰምቷል። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ የከድር ሱቅ ተዘረፈ፣ አዳዲስ ክፍሎች የጨመረበት ቤትም ተቃጠለ። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በመተማ በኩል ባዶ እጁን ገባ። ይህን የሰማሁት ከእሱ አይደለም፤ በርበሬ ከሚያመጣ የቡታጅራ ነጋዴ ነው። ከድር አልደወለልኝም። ደውሎ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በጥር ወር ጀልባዬን ቀለም ልቀባት ከውሃ አውጥቼ ድንጋይ ላይ ሳስቀምጣት፣ እሷ እስክትደርቅ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ቆረጥኩ።

የመጀመሪያው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ የተጀመረውም በስህተት ነው። ባዶ እጅ አይኬድምና ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶ ገዝቼ በበረዶ አሽጌ በባልዲ ያዝኩ። "ዓሣ ይዘህ በዝዋይ በኩል?" አለችኝ ባለቤቴ። እውነቷን ነው። ዝዋይ ራሱ ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ ነው፤ ዓሣ ይዞ በዚያ ማለፍ ጨው ይዞ አፋር እንደ መውረድ ነው። እኔ ግን የዝዋይ ዓሣ ጭቃ ጭቃ ይላል የሚል አስተያየት ነበረኝ።

እስከ ዝዋይ ያለው አስፋልት የታወቀ ነው፣ አላደክማችሁም። ዝዋይ ላይ ወደ ቡታጅራ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስገባ በረዶው ቀልጦ ኖሯል። ባልዲውም ከታች ስንጥቅ ነበረበት። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት እግራቸውን ብድግ ሲያደርጉ ጫማቸው ይንጠባጠባል። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

"አባቴ፣ ሐይቁንም ጨምረው ነው እንዴ ያመጡት?" አሉኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ከዘንቢላቸው ሁለት ፌስታል አውጥተው ባልዲውን ጥርቅም አድርገው አሰሩልኝ። ስንት ጀልባ የደፈንኩ ሰው የራሴን ባልዲ የደፈኑልኝ የማላውቃቸው ሴት ናቸው። ቡታጅራ እስክንደርስ ለክረምቱ የሚበጀው የቱ ቆርቆሮ እንደሆነ አስረዳኋቸው፤ ውለታ መመለሴ ነበር።

ቡታጅራ የተቀበለችኝ በበርበሬ ሽታ ነው። ሐዋሳ ስትገባ ነፋሱ የውሃና የዓሣ ጠረን ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ገና ከመኪና ሳትወርድ ሦስቴ ታነጥሳለህ። ባጃጁ እንደ እኛው ነው፤ መንገድ ሲያቋርጥም እንደ እኛው አያይም። እንሰቱም ለእኛ አዲስ አይደለም፣ የሲዳማ ጓሮ ሁሉ እንሰት ነው። ልዩነቱ እዚህ ከተማው መሃል እንኳ ከሱቅ ጀርባ ብቅ ብሎ ማየትህ ነው።

የበርበሬው ነጋዴ መምጣቴን ነግሯት የከድር እህት ዘምዘም መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ነጋዴ ናት፣ አርባውን የተሻገረች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት። ከዚያ በፊት በአካል ባንተዋወቅም ገና ስታየኝ "አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ በቀለ! ከድር እንዳለው ነዎት፣ ጸሐይ ያጠቆረዎት" ብላ ባልዲዬን ነጠቀችኝ። ከድር ግን ቡታጅራ የለም። ቤተሰቡን ይዞ ወልቂጤ ገብቷል፤ ሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራል። ለምን ወንድምና እህቱ ያሉበትን ከተማ ትቶ ወልቂጤ እንደሄደ ስጠይቃት "ነገ ነስሩ ያሳይዎታል" አለችኝ።

ያደርኩት እሷ ቤት ነው። ማታ ገበታ ሲቀርብ አንድ ነገር ልቤን ነካው። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ የእነሱን እርድ እንደማልበላ ያውቃሉ። ዘምዘም ክርስቲያን ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ ክትፎ አሠርታልኛለች፤ ለክርስቲያን እንግዳ ብቻ በምታስቀምጠው ሣህን፣ በትኩስ ቆጮና በአይብ አቀረበችልኝ። እነሱ ደግሞ የራሳቸውን ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሁለት ገበታ ሆነን ልንበላ ስንል ያ የተሳቀበት ዓሣ ተጠብሶ መሃል ላይ ገባ። ዓሣ ላይ ማን አረደው አይባልም። እጃችን እዚያ ሣህን ላይ ተገናኘ።

ነስሩም መጥቶ ነበር። ከእኔ ጋር እኩያ ነው፤ ረጋ ያለ፣ አማርኛውን በጉራጌኛ ቅላጼ የሚያወርድ ገበሬና ነጋዴ። እየበላን "ያቺ ተረትህ በእኛ ሰፈር ገብታለች" አለኝ።

"የቷ ተረት?"

"ሰው የማያድርበት ቤትና ውሃ የማይነካው ጀልባ። ሰው ቤት መሥራት ሲሰንፍ ይላታል።"

አሽሙር መሆን አለመሆኑን ፊቱን አይቼ መለየት አልቻልኩም። ዘምዘም የዓሣውን ሣህን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ረቡዕ ጠዋት ነስሩ በባጃጅ ከከተማው ወጣ ወዳለው መንደራቸው ወሰደኝ። ወዳጆቼ፣ ጀፎረ የሚባለውን ነገር ላስረዳችሁ። በመንደሩ መሃል ሰፊ፣ ሣር የለበሰ መንገድ ተዘርግቷል፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ወደ እሱ ዞረው ቆመዋል። ለቅሶም ሠርግም ዳኝነትም እዚያ ነው። ማንም አያጥረውም፣ ማንም አንድ ክንድ አይገፋውም፤ የሚጠብቀው ዘበኛ ግን የለም። እኛ ሐይቅ ዳር በየዓመቱ አጥር ወደ ውሃው አንድ እርምጃ ሲጠጋ የማየው ሰውዬ ቆሜ አፌን ከፍቼ አየሁ።

አባታቸው ከመሞቱ በፊት ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ በጀፎረው ዳር የቤት ቦታ አሳይቷል። የከድር ቦታ ላይ አሁን የነስሩ ልጅ ቤት ቆሞበታል።

"አልቀማሁትም" አለ ነስሩ፣ ምንም ሳልጠይቀው። "ሽማግሌዎች እዚህ ሣር ላይ ተቀምጠው ስልኩን በላውድ ስፒከር አደረግን። ከድር ከካርቱም ሆኖ 'ለእኔ አያስፈልገኝም፣ ለወንድሜ ልጅ ይሁን' አለ። ለምን ሲሉት ያንተን ቃል ነገራቸው። እኔ ያን ቀን አለቀስኩ።"

"ግን በዓመት አንዴ ለሚመጣበት..." ብዬ ጀመርኩ። አመል አይለቅም።

"በቀለ፣ በዓመት አንዴም ቢሆን የሚመጣው ወደ ቤቱ ነው" አለኝ። "ጉራጌ አገር ለአገር ይዞራል። አዲስ አበባ ይሁን ሱዳን፣ ቢከብርም ቢደኸይም፣ ለአረፋ ሲመጣ በራሱ በር ይገባል። ክርስቲያኑም ለመስቀል እንዲሁ ነው። አሁን ከድር ቢመጣ በማን በር ይገባል? በልጄ በር፣ እንግዳ ሆኖ። ለዚህ ነው ወልቂጤ የቀረው።"

እኔ ቤትን የማየው እንደ ጀልባ ነበር፤ ካልተጠቀሙበት ጥቅም የሌለው። የእነሱን ቤት አይቼው ሳላውቅ፣ ለምን እንደሚሠራ ሳልጠይቅ ፈረድኩበት።

"ሽማግሌዎቹ ፊት ልቅረብና ጥፋቱ የእኔ ነው ልበል" አልኩት።

"አንተ ቃል አልሰጠህም፣ ምኑን መልሰህ ትወስዳለህ? የሰጠው እሱ ነው።" ከዚያ ከልጁ ቤት ጎን ወዳለ ጥግ ወሰደኝ። ዙሪያውን እንሰት ተተክሏል፤ ጥጉ ግን ባዶ ነው፣ ተጠርጓል። "እዚህ ላይ አልተከልኩም። ለአንድ ቤት ይበቃል። ከድር መጥቶ በአፉ 'ስጡኝ' ይበል፣ በዚያው ቀን ሽማግሌ ቆሞ ይለካለታል። ሳይጠይቅ ከሰጠሁት ወንድሙ አዘነለት ይባላል፤ እሱ ይህን አይችልም።"

"ነግረኸዋል?"

"ነግሬዋለሁ። 'ወንድሜ ስለሆንክ ነው እንዲህ የምትለው' አለኝ። ያንተን ግን ይሰማል። ሂድና ንገረው። ይዘኸው ና።"

ስንመለስ ዘምዘምም ይህንኑ ደገመችልኝ። "አርብ ሲመለሱ ከእሱ ጋር ነው የምጠብቅዎት። ሁለት ፍራሽ አነጥፋለሁ" አለች። ይቅርታ ልጠይቅ የወጣሁት ሰው መልእክተኛ ሆኜ አደርኩ።

ሐሙስ የዘቢዳርን ተራራ አቋርጦ ወደ ጉብሬና ወልቂጤ በሚሄደው ቅጥቅጥ ተሳፈርኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሐዋሳ ለጥር ብርድ የምንደርባት ሹራብ እዚህ ቀልድ ናት። መኪናው ውስጥ ወሬው ደርቷል። አንዱ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ያለው ሱቅ በግርግር እንደተሰበረበት ያወራል፣ ሌላው "ዝም ብሎ ወደ ሞዛምቢክ ይሻገር" ይለዋል። ሞዛምቢክን በምን እንደሚያውቃት ልጠይቀው ፈልጌ ራሴን አየሁበትና ተውኩት።

ሽቅቡን ጨርሰን ትንሽ እንደሄድን የሞተሩ ቺንጋ ተበጠሰ። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው፤ "ጉብሬ ደውያለሁ፣ ሌላ ቺንጋ በሞተር ሳይክል ይመጣል፣ አንድ ሰዓት ነው፣ ታገሱኝ" አለ። እኔ መታገስ አልቻልኩም። ወርጄ አየሁና "ምን ያስጠብቀናል? ናይለን ገመድ ጠምዝዘህ እሰረው፣ ጀልባ ላይ ስንቴ አድርጌዋለሁ፣ ጉብሬ ያደርሰናል" አልኩ። የእኔ ድምፅ ሲናገር እርግጠኛ ነው፣ ያ ነው ችግሩ። ሾፌሩ አሰረው። ሩቅ ሳንሄድ ገመዱ ተበጥሶ ከማራገቢያው ጋር ተጠመጠመና የራዲያተሩን ቱቦ ቆረጠው። የአንድ ሰዓቱ ጥበቃ አራት ሰዓት ሆነ።

ማንም አልተቆጣኝም፣ እሱ ነው የባሰው። ከመንገዱ በላይ ካለው ቤት አንዲት አሮጊት ሴት ልጃቸውን አስከትለው ወረዱ። ለራዲያተሩ በጀሪካን ውሃ፣ ለእኛ ትኩስ የቡላ ገንፎ በቅቤ ይዘው ነበር። ሾፌሩ ማንኪያውን መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ። "አባባ፣ ይብሉ፣ በርዶዎታል" አለኝ። ገንፎውን እየበላሁ አንድ ነገር ማልኩ። ከእንግዲህ ሰው ለሚጠይቀኝ ነገር አስተያየት አልሰጥም አልኩ። በዚያን ሰዓት ትልቅ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ወልቂጤ ስንገባ ጸሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከተራራው ስትወርድ ሙቀቱ ይቀበልሃል። የከተማው ደንብ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ይከብዳል፤ ቢጫ ጀሪካን በየደጁ ተሰልፎ ውሃ ይጠብቃል። እኛ ጠዋት ፊታችንን ታጥበን በምንደፋው ውሃ እዚህ አንድ ቤተሰብ ይውልበታል። ከድር የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት አቶ ታደለ ይባላሉ፤ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ብየዳም ጥገናም ያሠራሉ። ከድር ጉንችሬ ወፍጮ ሊጠግን ሄዶ ጠዋት እንደሚመለስ ነገሩኝና "ሆቴል የምን ሥራ ነው፣ እኛ ጋ ነው" ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ከምግብ በፊት ጸሎት አደረሱ። ለእኔ መንገድ፣ ለባለቤቴ፣ ለጀልባዬ ሳይቀር ጸለዩ፤ ወጡ በረደ እንጂ እንዲህ በስሜ የተጸለየልኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

"ከድር እጁ ወርቅ ነው" አሉኝ። "አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ማታ ማታ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፋል። 'እዚሁ ተዋቸው፣ ማን ይነካብሃል' ስለው 'ልምድ ነው' ይለኛል። ነገ እንደሚሄድ ሰው ነው የሚያድረው።"

አርብ ጠዋት ጋራዡ ስደርስ ከድር ተመልሶ ሥራ ጀምሯል። ጸጉሩ ሸብቷል። ሳያየኝ ድምፄን ሰምቶ ከመኪና ሥር ወጣና በቅባት እጁ እንዳይነካኝ ክንዱን ዘርግቶ አቀፈኝ። "ያ ሰላም! ጋሼ!" አለ። የካርቱም አረብኛ አፉ ላይ ቀርቷል። ሁለት ጎማ ላይ ተቀመጥን።

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አልኩት።

"ለምኑ?"

"ለዚያ ቀን ስልክ።"

"ጋሼ፣ ጦርነቱን አንተ አላስነሳኸውም። ወላሂ፣ አንድም ቀን በአንተ አልፈረድኩም።"

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን እውነቱን ሳልነግረው ይቅርታው ይቅርታ አልመስል አለኝ። "ሳላስብበት ነው የነገርኩህ" አልኩት። "እጄ ሞተር ውስጥ ነበር። እየሠራሁ ነው የመለስኩልህ።"

እጁን በጨርቅ መጥረጉን አቆመ። "ሳታስብበት?" አለ። "እኔ እኮ ለሚስቴ 'በቀለ ብዙ አይቷል፣ አስቦበት ነው የሚናገረው' ብያታለሁ። እሷ አገር ቤት እንሥራ ስትል ነበር።"

መሬት መሬቱን አየሁ። እሱው አዘነልኝና ወሬ ቀየረ። "ነስሩ ጋ ነበርክ? ጥጉን አሳየህ?"

"አሳየኝ። ጠርጎታል።"

"'ና፣ ስጡኝ በል' ይለኛል። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ፊት የተውኩትን በየትኛው አፌ? ልጆቼ ግን ይጠይቁኛል፤ 'አባ፣ የእኛ ቤት የት ነው?' ይሉኛል።" ዓይኑን ዓይኔ ላይ አደረገ። ልክ እንደ ድሮው፣ የታመመ ሞተር ፊት ቆሞ እንደሚጠይቀኝ። "ጋሼ፣ አንተ ምን ትላለህ? ልሂድ?"

ጥጉ ታየኝ። ነስሩ ሲያለቅስ፣ ዘምዘም ፍራሽ ስታነጥፍ ታየኝ። "ሂድ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን የተበጠሰው ገመድና የካርቱም ቤትም አብረው ታዩኝ፤ ትናንት የማልኩትም ትዝ አለኝ። ፈራሁ።

"አላውቅም" አልኩት። "ከእንግዲህ ማንንም አልመክርም።"

ከድር ራሱን ነቀነቀና ጨርቁን አጣጠፈ። ከዚያ ለጨዋታ ያህል "ጀልባዋ እንዴት ናት?" አለኝ።

"ከውሃ አውጥቻታለሁ። ጸሐይ አግኝቷት ይኼኔ ጣውላዋ ተሰነጣጥቋል።"

"ታዲያ ምን ልታደርጋት ነው?"

"ምን አደርጋታለሁ? ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሳሳድራት እንጨቱ ያብጥና ይገጥማል።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ከድርም ሰማው። "ይገጥማል" አለ ቀስ ብሎ። "ያኔ ይሰነጠቃል ብቻ ነው ያልከኝ። መግጠሙን እኔም አውቀው ነበር እኮ፣ ስድስት ዓመት አይቻለሁ። አንተ ስለተናገርከው የቀረውን ግማሽ አልጠየቅኩም።" በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ ቢቆጣ ደስ ባለኝ።

ምሳ ሚስቱ ጋ በላን። ልጆቹ ሐይቅ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ከአባይ ይተልቅ እንደሆን። ከዚያ ከድር መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። መስኮቱ ሥር ቆሞ "ለነስሩ ሰላም በልልኝ" አለ። መኪናው ሞልቶ እስኪነሳ እዚያው ቆሞ ነበር፤ እንዲሄድ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፣ አልሄደም። አሁን ሳስበው እየጠበቀኝ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ሳጥኑን ተሸክሞ የሚሳፈር ሰው ነበር የቆመው።

ተራራውን በሰላም ተሻገርን፣ ምንም አልተበጠሰም። ቡታጅራ መናኸሪያ ስወርድ ነስሩና ዘምዘም አብረው ቆመዋል። እጄን ጨበጡኝ እንጂ ያዩት የነበረው ከኋላዬ ያለውን በር ነው። ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ፤ ረዳቱም በሩን ዘጋ።

"ብቻህን ነህ?" አለ ነስሩ።

"ብቻዬን ነኝ።"

"አልጠየቀህም?"

"ጠየቀኝ። ልሂድ ወይ አለኝ።"

"ምን አልከው?"

"አላውቅም አልኩት።"

ነስሩ የተዘጋውን በር አየ። ዘምዘም ግን ጠጋ ብላ ፊቴን አየችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ንቀት አልነበረም፣ ሐዘን ነበር። "ጋሼ በቀለ" አለችኝ፣ "ያኔ ሊሉት ይገባ የነበረውን ቃል ዛሬ አሉት?"

ቤቷ ሁለት ፍራሽ ተነጥፎ ነበር። በአንዱ ተኛሁ። ጠዋት ስሸኝ ለባለቤቴ ቆጮ በእንሰት ቅጠል፣ በርበሬ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ባልዲዬንም ነስሩ ስንጥቁን በጎማ ለጥፎልኝ አገኘሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ገባሁ። ቤት ሳልገባ መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጀልባዬ ድንጋይዋ ላይ ናት፤ በጎኗ ያለው ስንጥቅ ጣት ያስገባል። ወዳጆቼ ከበቡኝና ወሬ ጠየቁኝ፤ የመለስኩላቸውን መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ። የከድርን ቁጥር ከዚያ ወዲህ ስንቴ አውጥቼ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። "ሂድ" ማለት አንድ ቃል ነው፤ ሲያስፈልግ ያልወጣ ቃል ግን ቆይቶ ከአፍ ለመውጣት ይከብዳል።

ጀልባዋን ገፍተን ውሃ ውስጥ ከተትናት። በመጀመሪያው ቀን እስከ ጠርዟ ሞልታ ሰመጠች። በሦስተኛው ቀን ገጠመች።